ጃንጥላዋ ስትገባ ቁረጥ

የጭነት መኪና ወደ ኋላ መንዳት የተማርኩት በሰማያዊ ጃንጥላ ነው። የምቀልድ እንዳይመስላችሁ። በዚያ የማሰልጠኛ ሜዳ ከእኔ በፊት የሠለጠኑትም፣ አብረውኝ የነበሩትም የተማሩት እንደዚሁ ነው። ዛሬ የጅቡቲ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ይዘው ከሚያልፏችሁ ሹፌሮች መካከል ጥቂቶቹ የዚያች ጃንጥላ ተማሪዎች ናቸው። ይህን የምጽፈው ማንንም ላስፈራራ ብዬ አይደለም። በአንድ ጠዋት የደረሰብኝን ልናገር ብዬ ነው። "የደረሰብኝ" ማለቴም ልክ አይደለም፤ ያደረስኩት ነው።

ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት አቃቂ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እኔ ደግሞ እዚያው ሰፈር ክር ፋብሪካ ገብቼ አሥራ አንድ ዓመት ማሽን ላይ ቆምኩ። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ከተቀነሱት አንዱ ሆንኩ። የባለቤቴ ወንድም የከባድ መኪና ሹፌር ነው። "አንተ መንጃ ፈቃዱን ብቻ አውጣ፤ የቀረውን ለእኔ ተወው" አለኝ። እኔም ቃሊቲ አካባቢ በሚገኝ አንድ ማሰልጠኛ ለደረቅ ጭነት ተመዘገብኩ። ስሙን አልጠራውም፤ ሜዳውም ዛሬ በቦታው የለም።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ። ጉረኛ ነበርኩ። የምኮራው ግን በጉልበቴ ሳይሆን በማስታወስ ችሎታዬ ነበር። ፋብሪካ ሳለሁ የማሽኑን ቅደም ተከተል አንድ ሳላስቀር በቃሌ ስለምይዝ "ካሴቱ" ይሉኝ ነበር። ማሰልጠኛም ስገባ ትንሽ ደብተር ገዝቼ አሰልጣኙ ያለውን ሁሉ ጻፍኩበት። ማታ ማታ ባለቤቴን አስቀምጬ፣ የድስት ክዳን እንደ መሪ ይዤ አነበንብላታለሁ። እሷም ትስቅብኛለች።

አሰልጣኛችን ጋሽ ደሳለኝ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ረጅም መንገድ የነዱ ሰው ናቸው። ሥራቸውን ያውቃሉ። ችግሩ ሥራቸውን እኛ በሁለት ወር ውስጥ እናውቀዋለን ብለው አያምኑም። "ሹፌርነት እዚህ አይማሩም" ይሉናል። "ሹፌርነት መንገድ ላይ ነው። እዚህ የምትማሩት ፈተና ማለፍ ነው።" ፈተና ማለፍ ማለት ደግሞ ምልክት መያዝ ነበር። ያቺን ድንጋይ ስታይ ማርሽ ቀይር፣ ያ ምሰሶ ትከሻህ ጋ ሲደርስ ፍሬን ያዝ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ከሁሉም የሚከብደው ወደ ኋላ ገብቶ ማቆም ነው። በሁለት ረድፍ የቆሙ፣ ነጭ ቀለም የተቀቡ አሮጌ ጎማዎች አሉ። መኪናውን ቀጥ አድርገህ ወደ ኋላ ትመጣለህ፤ ከዚያ ወደ ግራ ታጥፈህ ጎማ ሳትነካ በረድፎቹ መካከል ትገባለህ። መቼ ነው መሪውን የምትቆርጠው? ሚስጥሩ እዚህ ላይ ነው። በሜዳው ጫፍ፣ በሲሚንቶው ቦይ ዳር፣ በትልቅ ሰማያዊ ጃንጥላ ሥር ሻይና ቦምቦሊኖ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ብዬ ጽፌዋለሁ፦ "ጃንጥላዋ በግራ ስፖኪዮ መሀል ስትገባ፣ ሙሉ ግራ ቁረጥ። ከስፖኪዮ ስትወጣ፣ መልስ።"

ይሠራል! መቶ ጊዜ ብትሞክረው መቶ ጊዜ ይሠራል። እኔ በሁለተኛው ሳምንት ሳልሳሳት መግባት ጀመርኩ። ሴትየዋን ሁላችንም "ማዘር" ነበር የምንላት። ሁለት ወር ያህል ሻይዋን ስጠጣ ስሟን አልጠየቅኳትም። ሞተር ሲጠፋብን ብርጭቆዋን እያጠበች "አሁንም ቸኮልክ" ወይም "ተራበ፣ ነዳጅ ስጠው" ትላለች። የምታሾፍብን ይመስለን ነበር።

ስለ መኪናው አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። አሮጌ ነው፤ የእጅ ፍሬኑ ያለው ለስሙ ነው። ስለዚህ ባቆምን ቁጥር አንዳችን ወርደን ጎማው ሥር ታኮ እናደርጋለን፤ ታኮ ማለት መኪና እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የሚሻጥ እንጨት ነው። ሜዳው ደግሞ ከበሩ ወደ ቦዩ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከቦዩ በኩል ወደ በሩ ለመነሳት ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ትለቃለህ፣ ሞተሩ መኪናውን ሲይዘው ፍሬኑን ታነሳለህ። ካልያዘው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። እኔ ለዚህም ደብተሬ ላይ መላ ነበረኝ፦ "እስከ ሦስት ቆጥረህ ፍሬን ልቀቅ።" ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር የምቆጥረው፤ ሜዳው በሙሉ ይሰማኛል።

የፈተናው ዋዜማ ሐሙስ ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ አድሮ ሜዳው ጨቅይቷል። በዚያ ጠዋት የመጣነው ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ሰናይት የምትባል ረጋ ያለች የቱሉ ዲምቱ ልጅ፣ እና ሚኪ የሚባል አፉ የማያርፍ የሳሪስ ወጣት። ጋሽ ደሳለኝ የፈተና ወረቀታችንን ለማስፈረም ከዋናው መንገድ ማዶ ወዳለው ቢሮ መሄድ ነበረባቸው።

"ታምራት፣ አንተ አያሰጋህም" አሉኝ። "እስክመጣ አንድ ሁለቴ ገብተህ ውጣ። እናንተ ተራችሁን ጠብቁ።"

አሰልጣኝ ጋቢና ውስጥ ሳይኖር መንዳት አይፈቀድም። አውቅ ነበር። ግን "አያሰጋህም" ሲሉኝ ደረቴ ተነፋ። ሚኪ "ካሴቱ፣ አጫውተው!" ብሎ ጮኸ። ለካ የፋብሪካ ስሜን ራሴ ነግሬው ኖሯል።

የኋላ ማርሽ አስገባሁና ቀጥ ብዬ ወደ ኋላ መምጣት ጀመርኩ። ዓይኔ ግራ ስፖኪዮ ላይ ነው። ጃንጥላዋ ገና ነች። ትንሽ ሄድኩ። ገና ነች። ነጫጮቹ ጎማዎች በስፖኪዮው ውስጥ አንድ በአንድ አልፈው ሲሄዱ አይቻለሁ፤ ይህን ልክዳችሁ አልችልም። ግን ደብተሬ ላይ ስለ ጎማ የተጻፈ ነገር አልነበረም። "ዛሬ ቀስ ብዬ ስለምነዳ ነው" አልኩ በልቤ። አሁንም ጠበቅኩ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄ ነው።

መጀመሪያ የሰማሁት የብርጭቆ መሰበር ነው። ቀጥሎ አንድ ነገር ከኋላ ሲንኮታኮት ሰማሁ። ከዚያ ሰናይት ጮኸች።

"ቁም! ቁም! ማዘር ሥሩ ነች!"

ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረገጥኩት። ሞተሩ ተንገጫግጮ ጠፋ። ከዚያ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀው ጩኸት ከመኪናው ሥር መጣ።

ሰናይት እየሮጠች መጥታ በመስኮቱ ሥር ቆመች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"እግሯን ይዟታል" አለችኝ። "የኋላ ግራ ጎማ ከቦዩ ጠርዝ ጋር አጣብቋታል። ወደ ኋላ እንዳትሄድ! ትንሽም እንዳትሄድ!"

ማዘር ያን ቀን ቦታ ቀይራለች። ጃንጥላዋን ከወትሮው ቦታ አንስታ ቦዩን ተከትላ ወደ ቀኝ፣ ከመኪናው ኋላ በኩል አድርጋ ተክላዋለች። እኔ በስፖኪዮ ስጠብቃት እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ጎንበስ ብላ ብርጭቆ ታጥባለች። ዘጠኝ ዓመት ሞተር እየሰማች ስለሠራች ድምፁ አላስደነገጣትም። የመኪናው የጭነት ክፍል ከላይዋ አልፎ ጃንጥላውን ሲደረምሰው ወደቀች፤ ጎማው ደግሞ እግሯ ላይ ደረሰ።

ሚኪ በቀኝ በር ዘሎ ገባ። "ውረድ! ውረድና ለእኔ ተው! የአጎቴን መኪና ነድቼ አውቃለሁ!"

"እግሬን ከፍሬን ካነሳሁ ይንሸራተታል!"

"የእጅ ፍሬን ሳበው!"

"ስቤዋለሁ!"

ያኔ ነው የገባኝ። መኪናው የቆመው በእኔ እግር ብቻ ነው። ከእኔ የተሻለ ሹፌር ቢመጣ እንኳ ቦታ መለዋወጥ አንችልም። ልነሳ ብል፣ ከእኔ መነሳትና ከእሱ መቀመጥ መካከል ያለችው ቅጽበት የማዘር እግር ነች።

"ታኮ አምጡ!" አልኩ።

ሰናይትና ሚኪ እንጨቱን አምጥተው በቀኝ በኩል ካለው የኋላ ጎማ ሥር ሻጡት። ሚኪ ድንጋይም ጨመረበት። "ይዟል፣ ሞክረው" አለኝ። እግሬን በትንሹ፣ በጣም በትንሹ አላላሁ። ታኮው በጭቃው ላይ ተንሸራተተ፤ መኪናው ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ሄደ። የማዘር ጩኸት እስከ ዋናው መንገድ ሳይሰማ አይቀርም። እንደገና ረገጥኩት። ከዚያ በኋላ "ሞክረው" ያለኝ ሰው የለም።

ሚኪ ለጋሽ ደሳለኝ ደወለ። ስልካቸው ፊት ለፊቴ ዳሽቦርድ ላይ ጮኸ። ረስተውት ነው የሄዱት። ሚኪ ስልኩን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ዘሎ ወርዶ ወደ ቢሮው ሮጠ። ቢሮው ደርሶ መልስ ሩብ ሰዓት ነው። የቀኝ እግሬ ከወዲሁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ሞተሩ ስለጠፋ ፔዳሉ ደርቋል፤ እንደ ድንጋይ ነው የምገፋው። ሩብ ሰዓት እንደማልችል አወቅኩ። ፈራሁ። 

"ሰናይት" አልኩ፣ "አልችልም። እግሬ እየከዳኝ ነው።"

ሰናይት መልስ ሳትሰጠኝ ከኋላ ድምፅ መጣ። ቀጭን ነው፤ ግን ይሰማል።

"ማነው መሪው ላይ ያለው?"

"ታምራት ነው ማዘር!" አለች ሰናይት።

"የሚቆጥረው?"

"አዎ።"

"ውይ ጉዴ!" አለች ማዘር።

በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ሁኔታ፣ አፈርኩ። ሰው እንዴት በእንደዚያ ያለ ሰዓት ያፍራል? አላውቅም፤ ግን አፈርኩ።

ማዘር ትንፋሿን ሰብስባ መናገር ጀመረች። ሰናይት በጭቃው ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ከማዘር እየሰማች ወደ እኔ ትጮሃለች።

"ሞተሩን አስነሳው ትልሃለች! ፍሪሲዮን ረግጠህ!"

አስነሳሁት።

"አንደኛ አስገባ!"

አስገባሁ። እጄ ላብ አልብቶት ማርሹ ሁለት ጊዜ ከእጄ ሾለከ።

"አሁን ስማኝ ትልሃለች። እጄን ጎማው ላይ አድርጌያለሁ። ጎማው ወደ ፊት ሲወጠር እጄ ያውቃል። እኔ ልቀቅ ሳልልህ ፍሬኑን እንዳትለቅ። ፍሪሲዮኑን ብቻ ቀስ እያልክ አምጣው።"

የግራ እግሬን ማንሳት ጀመርኩ። ሳላውቀው አፌ ሥራውን ጀመረ። "አንድ... ሁለት..."

"አትቁጠር!" ይህን ሰናይት አልደገመችውም፤ ማዘር ራሷ ናት የጮኸችው። "አትቁጠር፣ ስማው! ሞተሩን ስማው!"

ፍሪሲዮኑን መልሼ እስከ መጨረሻው ረገጥኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሥራዬን በሙሉ በቁጥርና በምልክት የያዝኩ ሰው ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ማሽን አጠገብ ቆሜ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም ነበር። እንደገና ጀመርኩ። የግራ እግሬ መጣ፣ መጣ፣ መጣ። የሞተሩ ድምፅ ቀጭን ነበር። ከዚያ ትንሽ ወረደ፤ ወፈረ። መቀመጫዬ መንዘር ጀመረ።

ደብተሬ ቢሆን እዚህ ላይ ልቀቅ ይላል።

"ገና ነው!" አለች ሰናይት። "ገና ነው ትላለች!"

ትንሽ ጨመርኩ። ሞተሩ አቃሰተ። የመኪናው አፍንጫ ቀና ሲል ተሰማኝ። አሁን ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። ቢጠፋ እንደገና ለማስነሳት እግሬ አቅም የለውም።

"ሌላ ትንሽ!"

"ሊጠፋ ነው!"

"አይጠፋም ትላለች! ሌላ ትንሽ!"

ጨመርኩ። ጋቢናው በሙሉ ተንቀጠቀጠ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ስልክ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ወደቀ።

"አሁን!" ሁለቱም በአንድ ላይ ጮኹ።

ፍሬኑን ለቀቅኩ።

መኪናው ወደ ኋላ አልሄደም። የፀጉር ያህል እንኳ አልሄደም። ለአንድ አፍታ ባለበት ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ በጭቃው ውስጥ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ተነቃነቀ። ሰናይት "ወጣች! ወጣች!" ስትል ሰማሁ፤ እኔ ግን ሜዳው አጋማሽ እስክደርስ አላቆምኩም። እዚያ ደልደል ያለ ቦታ ላይ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ወርጄ ራሴ ታኮ አደረግኩ። ከዚያ ጎማው አጠገብ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። ለመደበቅም አልሞከርኩም።

ማዘር ጋ ስደርስ ሰናይት ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ይዛታለች። የላስቲክ ጫማዋ ተቀዷል። የእግሯን መልክ አልገልጸውም። በዙሪያዋ ጭቃው ላይ የብርጭቆ ስብርባሪና ቦምቦሊኖ ተበትኗል። ቀና ብላ አየችኝ።

"ብርጭቆ የሚባል አላስቀረህልኝም" አለችኝ። ከዚያ ሕመሙ መጣባትና "ያ ዋቅ!" ብላ ፈጣሪዋን ጠራችና ከንፈሯን ነከሰች።

ከዋናው መንገድ ሚኒባስ ለምነን ወደ ሆስፒታል ወሰድናት። መዝጋቢዋ ልጅ ብዕሯን አንስታ "ስም?" አለች። ሰናይት እኔን አየች። እኔ መንገድ ላይ የተቀላቀለንን ሚኪን አየሁ። ሚኪ ጉሮሮውን ጠራረገና "ማዘር" አለ።

"የታካሚዋን ስም ነው የጠየቅኩት" አለች ልጅቷ። "ቤተሰብ አይደላችሁም?"

 ሦስታችንም በየቀኑ ከእጇ ሻይ ተቀብለናል። እኔማ በእሷ ላይ ተመሥርቼ ነው መሪ የምቆርጠው። ከቃሬዛው ላይ ራሷ "ጫልቱ" አለች። "ጫልቱ በዳዳ ብለሽ ጻፊ።" ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እትዬ ጫልቱ ናቸው፤ አንቺ ብያቸውም አላውቅም።

ጋሽ ደሳለኝ እያለከለኩ ደረሱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ "ማን ቦዩ ድረስ ሂድ አለህ? ዓይን የለህም?" ብለው ኮሪደሩ ላይ ጮኹብኝ።  ከዚያ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"ጃንጥላዋን ምልክት ያደረግኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ከስንት ዓመት ጀምሮ።"

ለመጣው ትራፊክ ፖሊስም ይህንኑ አሉ፤ ጋቢና ውስጥ እንዳልነበሩም አልደበቁም። ሥራቸውን በዚያው ለቀቁ። እኔም ያየሁትን እንዳየሁት፣ ጎማዎቹ ሲያልፉ ማየቴን ጭምር ተናገርኩ። ሐኪሙ ወደ ማታ ወጥቶ እግራቸው ሁለት ቦታ መሰበሩን፣ ግን እንደማይቆረጥ ነገረን። "ጎማው ሌላ ትንሽ ወደ ኋላ ሄዶ ቢሆን ኖሮ የማተርፈው ነገር አልነበረም" አለ። ቤቴ ገባሁና ደብተሩን ቀዳደድኩት። በማግስቱ ፈተና አልሄድኩም። ለባለቤቴ ወንድም ደውዬ "ሌላ ሰው ፈልግ" አልኩት።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ዛሬ ሹፌር ነኝ። ስታቋርጡኝ የምትሰድቡት፣ ዳገት ላይ ስጎተት ጥሩምባ የምትነፉበት ዓይነት ሹፌር ነኝ። ጓደኞቼ አንድ ነገር ያሾፉብኛል፦ ወደ ኋላ ከመሄዴ በፊት ሞተር አጥፍቼ፣ ታኮ አድርጌ፣ ወርጄ መኪናዬን እዞራለሁ። ሁልጊዜ፤ ዝናብም ይሁን ፀሐይ። "ታምራት ዑደቱን ጀመረ፣ ካህን ጥሩለት" ይላሉ። ይሳቁ። ከኋላዬ ሰው ካገኘሁ ስሙን እጠይቃለሁ። አንዳንዱ "ምን ያደርግልሃል?" ይለኛል። ምንም አያደርግልኝም። ግን ስሙን የማውቀውን ሰው ረስቼ ወደ ኋላ መሄድ አልችልም። እናንተም እንጀራችሁ ምንም ይሁን ምን በቃላችሁ የምትሠሩት ሥራ ካለ፣ አንድ ቀን ወርዳችሁ ዙሩት። እኔ ጎበዝ የተባልኩት ማየት ባቆምኩበት ሳምንት ነበር።

ወደ መሪው እንዴት ተመለስኩ? አደጋው በደረሰ በሦስተኛው ሳምንት እትዬ ጫልቱን ልጠይቅ ሄጄ ነው። ቤታቸው ከገላን ኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ በድሮው መንደር ውስጥ ነው። ብርቱካን ይዤ በራቸው ላይ ብዙ ቆምኩ። ስገባ እግራቸው በጄሶ ታሽጎ በርጩማ ላይ ተሰቅሏል።

"ፈተናውስ?" ነበር የመጀመሪያ ቃላቸው።

"ተውኩት።"

"ምን ሆነህ?"

"አንቱን እንዲህ አድርጌ በየትኛው ዓይኔ መሪ እይዛለሁ?"

ተቆጡ። በእውነት ተቆጡ። "እግሬን ሰብረህ ደግሞ በእኔ ልታሳብብ ነው? ስማ፣ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ተቀምጬ ስንቱን ሰምቻለሁ። ያን ቀን የለቀቅካትን ዓይነት ፍሪሲዮን የለቀቀ ሰው በጣት ይቆጠራል። ያወጣኸኝ እኮ አንተ ነህ።"

"ያስገባሁዎትም እኔ ነኝ።"

"እሱም አንተ ነህ" አሉ ሳያመነቱ። "ሁለቱንም ያዛቸውና ሂድ፣ ጨርስ።"

ብርቱካን ላጥኩላቸው። አብረን በላን። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያንገበግበኝ የነበረውን ጠየቅኩ።

"እትዬ ጫልቱ፣ ያን ቀን ለምን ቦታ ቀየሩ?"

 ልጣጩን አንድ በአንድ ሳህኑ ላይ ሰበሰቡ።

"ከእናንተ በፊት የነበሩት የተፈተኑ ቀን ፈታኞቹ 'ነጋዴ ከሜዳው ይውጣ' አሉ" አሉኝ። "ጃንጥላዬን አጥፌ ከበሩ ውጭ ቆምኩ። ልጆቹ ወደ ኋላ ይመጣሉ፣ ይመጣሉ፣ የሚቆርጡበት ይጠፋቸዋል። አንድ በአንድ ወደቁ። አንዲቱ መጥታ ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። 'ማዘር፣ የት ሄድሽብኝ?' አለችኝ።"

ውሃ ተጎነጩ።

"ያንተ ፈተና በማግስቱ ነበር። ዛሬ ቢያጣኝ ይሻላል አልኩ። ሲያጣኝ ይቆማል፣ ይወርዳል፣ ዙሪያውን ያያል፣ ከዚያ በገዛ ዓይኑ መንዳት ይጀምራል አልኩ። እንደምትቆም እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው ጀርባዬን የሰጠሁህ።"

 ልዋሻቸው እችል ነበር፤ ፈልጌዎት ነበር፣ ግራ ገብቶኝ ነበር ማለት እችል ነበር።

"እኔ አንቱን አልነበረም የምፈልገው" አልኳቸው። "ጃንጥላዋን ነበር።"

"አውቃለሁ" አሉኝ እትዬ ጫልቱ። "ታዲያ ለዚያ አይደል ከቦታዬ የተነሳሁት?"